ወደ ጥቁሩ ጋራ፣ ከወንድሜና ከነስሩ ጋር

ይህን ከምታነቡት መካከል ጋራ ጉራቻን የሚያየው ሰው የሚኖር አይመስለኝም። ባታዩትም ምንም አይቀርባችሁም። በጉጂ አገር ከአዶላ አለፍ ብሎ ያለ፣ ወገቡን ቁጥቋጦ የሸፈነው ተራ ጉብታ ነው፤ አናቱ ብቻ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። የምጽፈው አገር ላስጎበኛችሁ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ከተመለስኩ ሰንብቻለሁ፤ ይበርድልኛል ብዬ ብጠብቅም አልበረደልኝም።

ሰኞ

ጋሼ ወልዴ ጀሞ ከኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሲያነሳኝ ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። ሚኒባሶቹ ግን በዚያ ሰዓት መንገዱን ዘግተው ጥሩምባ ይነፋፋሉ። አንዱ ረዳት ራሱ መንገዱን ዘግቶ ሲያበቃ «እለፉ እንጂ!» እያለ ይጮኽብናል። እኔ ጀሞን የማውቀው እንዲህ ነው፤ ከሰፈሩ ለመውጣት የሚፈጀው ጊዜ ከሰፈሩ እስከ ሞጆ ከሚፈጀው አይተናነስም።

ጋሼ ወልዴ ታላቅ ወንድሜ ነው። ላፍቶ ላይ የእህል ሱቅ አለው፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ቦሎቄ ይሸጣል። አባታችን ከሞተ በኋላ ከደብተሬ እስከ ዩኒቨርሲቲ የአውቶቡስ መሳፈሪያዬ ድረስ የወጣው ከዚያ ሱቅ ነው። ጂኦሎጂስት ሆኜ ስመረቅ ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር ለደንበኛው ሁሉ የተናገረው። ስለዚህ እሱ ላይ ድምፄን ከፍ አላደርግም፤ አድርጌም አላውቅም።

የምንሄደው ማንጋኒዝ ለማየት ነው። ጋሼ ወልዴ ቦሎቄ ሊገዛ ጉጂ ሲመላለስ አንድ ደላላ ጥቁር ድንጋይ አሳየው፤ ብረት አቅላጮች የሚሻሙበት ማዕድን ነው አለው። ናሙናውን ራሱ ለቅሞ አዲስ አበባ አስመረመረ፤ ውጤቱ ግሩም ሆነ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሳምንት በፊት ነው። ቀሪውን የሰማሁት ግን ከጀሞ ወጥተን የሱቅ ጎረቤቱን ነስሩን ለማንሳት ወደ መካኒሳ አቦ ስንሄድ ነው።

«የእማዬን ቤት ቀብድ ተቀብዬበታለሁ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

እናታችን የምትኖረው አባታችን ጭቃ አቡክቶ በሠራው የላፍቶ ቤት ነው። የካርታውን ጉዳይ እንዲጨርስላት ለጋሼ ወልዴ ውክልና ሰጥታዋለች። እሱ በዚያ ውክልና ቤቱን ሊሸጥ ተዋውሎ፣ ቀብዱን ለእስካቫተር ኪራይና ለደላላው አስረክቦታል። ሻጭ ውል ካፈረሰ ቀብዱን እጥፍ አድርጎ መመለስ አለበት፤ የሚመልሰው ደግሞ የለውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ተስፋው ነስሩ ነው። ነስሩ በሥራው ግማሽ ድርሻ ከገባ፣ በእሱ ገንዘብ ገዢውን አሰናብቶ የእማዬን ቤት ያስቀርላታል። ነስሩ ደግሞ አስቴር ድንጋዩን አይታ ጥሩ ነው ካለችኝ እገባለሁ ብሏል፤ አስቴር እኔ ነኝ።

እማዬ ታውቃለች ወይ ስለው ድንጋዩ ሲሸጥ እነግራታለሁ አለኝ። ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ወደ ጀሞ መመለስ አማረኝ።

ነስሩ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ካለው ሰፈር ጥግ ቆሞ ይጠብቀን ነበር፤ በአንድ እጁ የልብስ ሻንጣ፣ በሌላው ሚስቱ የጠበሰችው ሳምቡሳ በፌስታል። የእሱና የወንድሜ ሱቆች ግድግዳ ይጋራሉ። አርብ ነስሩ ለጁምዓ ሲሄድ ጋሼ ወልዴ የሁለቱንም ሱቅ ይጠብቃል፤ እሁድ ጋሼ ወልዴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ነስሩ ይጠብቃል። ትንሽ ሆኜ የትኛው ሱቅ የማን እንደሆነ እሳሳት ነበር።

የክፍያው መንገድ ላይ ስንወጣ ነስሩ ድንጋዩ እንዴት እዚያ እንደተገኘ ጠየቀኝ። እንዲህ አልኩት፦ ዛሬ ተራራ የሆነው ቦታ በጥንት ዘመን የባሕር ወለል ነበር። ማንጋኒዙ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ቆይቶ ከጭቃውና ከአሸዋው ጋር እየዘቀጠ ተነባበረ። ከዚያ መሬት ተላትሞና ተጣጥፎ ያን ሁሉ ወደ ጥልቁ ቀበረው፤ ሙቀትና ጫና አበሰለው። የበሰለ ነገር ደግሞ መልኩ ይለወጣል። ነስሩ ጉጂ ላይ ባሕር ነበር መባሉን ጨርሶ ሊያምን አልቻለም፤ ግን እኔን ላለማስቀየም «አላህ ያውቃል» ብሎ ሳምቡሳ ሰጠኝ።

ባቱ ላይ ዓሣ በላን። ነስሩ እሾሁን እየለቀመ ሥጋውን ወደ እኔ ይገፋል፤ አሁንም ልጅ እመስለዋለሁ። ሀዋሳ ያደርንበት ፔንሲዮን እንግዳ ተቀባይዋ ሙቅ ውኃ አለ አለችን፤ እንኳን ሙቁ ቀዝቃዛውም አልነበረም። ጀሞ ቢያንስ ውኃ በተራ እንደሚመጣ አምነን ጀሪካን እንሞላለን። ነስሩ ከሱቅ የታሸገ ውኃ ገዝቶ አንዱን የክፍሌ በር ላይ አስቀመጠልኝ።

ማክሰኞ

ከሀገረ ሰላም በኋላ ጉም ዋጠን። ቀርከሃውና እንሰቱ ግራና ቀኝ ሲታይ የጋሼ ወልዴ ፊት ፈታ አለ። ያባታችን አገር ጉራጌ ይመስላል እያለ በየመታጠፊያው ያሳየናል። እኔ የታየኝ መንገዱ ነው። አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ ተልጦ ጠጠሩ ብቻ ቀርቷል፤ ክረምት ላይ የላፍቶን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የምታማርሩ ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ብትመጡ ስለት ታስገባላችሁ።

ቦሬ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማ ነፋስ የለውም፤ ጋሼ ወልዴ የእናቱን ቤት ለድንጋይ አስይዞ ጎማ ሳያስነፋ ነው የወጣው። ይህን በልቤ አልኩት። ቀርከሃ የተሸከሙ ሰዎች ሸክማቸውን መንገድ ዳር አራግፈው ጎማውን እያንከባለሉ ቦሬ ድረስ ወስደው አስነፍተው መለሱልን። ለድካማቸው ስንሰጣቸው ያስነፉበትን ብቻ ተቀበሉ። እኛ ሰፈር ቢሆን መጀመሪያ ዋጋ ነበር የምንነጋገረው።

አዶላን አልፈን ኦቦ ዱቤ ቤት የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ኦቦ ዱቤ ለጋሼ ወልዴ ለዓመታት ቦሎቄ ያቀረቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋራው ከማሳቸው ጀርባ ነው። ባለቤታቸው አዴ ሎኮ ገና የታለበ ወተት በትልቅ ጮጮ አመጡ። እኔ ኦሮምኛ የተማርኩት ላፍቶ ገብስ በሚዘራበት ጊዜ ከጎረቤት ገበሬዎች ልጆች ጋር ስጫወት ነው። ስናገር አዴ ሎኮ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ የሸዋ አነጋገር ነው አሉኝ። ነስሩ እንግዳ የቀረበለትን አይገፋም ብሎ ጮጮውን ባዶ አደረገ።

ረቡዕ

የከተማ ሆድ የገጠር ወተት አይችልም። ነስሩ ሲመላለስ አድሮ ጠዋት ከመደቡ መነሳት አቃተው። አዴ ሎኮ የገብስ አጥሚት ሠርተው ጭንቅላቱን ደግፈው እንደ ሕፃን ያጠጡታል፤ እሱ በኦሮምኛም በአማርኛም በስልጥኛም ያመሰግናቸዋል። ለእኔም ወተት ቀርቦልኝ ጾም ነው ስላቸው ተቆጡ፤ ወዲያው ግን ድንች ቀቅለው ከዳጣ ጋር አቀረቡልኝ። ነስሩ እናንተ ሂዱና እዩት አለን። ወደ እኔ ዞሮም እንዲህ አለኝ።

«እኔ ድንጋይ አላውቅም፤ አንቺን አውቃለሁ።»

ወደ ጋራው ወጣን። አናቱ ላይ ያለው ድንጋይ በእርግጥ ያምራል፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ሲያሹት ጣት ላይ እንደ ጥላሸት የሚቀር። ጋሼ ወልዴ ናሙና የለቀመበትን ቦታ አሳየኝ። እኔ ግን ጎርፍ የሸረሸረውን ቦረቦር ፈልጌ ወረድኩ፤ ጋራ ሆዱን የሚያሳየው እዚያ ነው።

ጥቁሩ ከላይ ሆኖ ውፍረቱ ከክንዴ አይበልጥም። ከሥሩ ያለው ዓለት ሮዝ ነው። በመካከሉ እንደ ምስር ፍሬ ያሉ፣ ጋርኔት የሚባሉ ቡናማ ጠጠሮች ተሰክተውበታል። በመዶሻ ብመታው መዶሻውን መለሰው። ወደ ሌላ ቦረቦር ሄድኩ፤ እዚያም ሮዝ ነው። በጋራው ጀርባ ዞርኩ፤ እዚያማ ጥቁሩ ከስንዝር አይበልጥም።

ጋሼ ወልዴ ቆንጆ ነው አለ፣ ሮዙን እያየ። እንዲህ ብዬ አስረዳሁት፦ ማንጋኒዙ ጥልቅ ውስጥ ሲበስል ከአሸዋው ጋር ተጋብቶ ይህን ሮዝ ድንጋይ ሆነ፤ ሮዶናይት እንለዋለን። ማንጋኒዝ አለው፤ ነገር ግን አሸዋው ጨብጦ ይዞታል፤ ብረት አቅላጭ አይገዛውም። ከላይ ያለው ጥቁሩ ይኸው ሮዙ ራሱ ነው፤ ዝናብና አየር በብዙ ዘመን አሸዋውን አጥቦ ማንጋኒዙን አስቀረው፤ ብረት እንደሚዝገው ማለት ነው። የሚሸጠው ያ ዝገት ብቻ ነው፤ እሱም የእስካቫተሩን ኪራይ ሊመልስ ቀርቶ ናፍጣውን እንኳ አይመልስም። ላቦራቶሪው አልዋሸም፤ የመረመረው አንተ የሰጠኸውን ነው።

«ሌላ ቦታ ወፍራም ሊሆን ይችላል» አለ።

ይችላል አልኩት፤ ግን ያ የሚታወቀው ቤት ሳይሸጥ በፊት ተቆፍሮ ነው። ከዚያ ልይዘው ያልቻልኩት መጣብኝ።

«ጋሼ፣ አንተ ባቄላ ስትገዛ የጆንያውን አፍ አይተህ ትገዛለህ?»

ሱቁ ውስጥ ጫፉ የሾለ የብረት ቱቦ አለው። ማንም ገበሬ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ጆንያ ሲያመጣለት ያን ቱቦ ሆዱ ላይ ሻጥ አድርጎ ከመሃል ሳያወጣ አይገዛም። አፉ ላይ ያለው ሁልጊዜ የተመረጠ ነው ይላል። ሻጭ ሲሆን ደግሞ ለገዢ የሚያሳየውን በሰሃን ያስቀምጣል፤ ነቀዝ የነካውን ለቅሞ፣ አበጥሮ። ጋራው ላይ ሲወጣ ገዢ መሆኑን ረሳው። ለገዢ እንደሚያሳይ ሻጭ ከላይ ከላይ የሚያብረቀርቀውን መርጦ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ በንጹሕ ከረጢት ለላቦራቶሪ ወሰደ። ገዢውም ሻጩም እሱ ራሱ ነበር።

ጋሼ ወልዴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን አወለቀ። እዚያ ጋር አሳዘነኝ፤ ንዴቴም ሊወጣልኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ያን ጊዜ አንገቱን ሳያቀና ተናገረ።

«ለነስሩ ጥሩ ነው በይው። ቀስ ብዬ እከፍለዋለሁ። እማዬን ከቤቷ ማስወጣት ነው የምትፈልጊው?»

ደሜ ፈላ። ነስሩ ያን ሰዓት የሰው ቤት መደብ ላይ ተኝቶ የእኔን ቃል ይጠብቃል። ስድብ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ያሳደገኝ ሰው ነውና ዋጥኩት። ከሮዙ ድንጋይ ላዩ ጥቁር የሆነውን አንድ ቁራጭ ሰብሬ ኪሴ ከተትኩና ቀድሜው ወረድኩ።

ሐሙስ

ነስሩ ተሻለው። አዴ ሎኮ ማር በቅል አሽገው ሰጡን፤ ኦቦ ዱቤ ለእስካቫተሩ ቦታ ይሁን ብለው በረታቸውን ከጋራው ሥር ነቅለው ወደ ማሳው አዛውረውት እንደነበር ያን ጠዋት አየሁ። ጋሼ ወልዴ አየና ፊቱን አዞረ። እኔ ወደ ሽማግሌው ሄጄ በረትዎን ይመልሱት፣ የሚቆፍር አይመጣም አልኳቸው። ለምን አላሉኝም። ጋራው ላይ ሣር ብቻ ነው ያለው፣ ለከብት ይሻላል አሉና መረቁን።

በመንገዱ ሙሉ አልተናገርኩም። ሀዋሳ ገብተን ምግብ ስንበላ ነስሩ እንዴት ነው ድንጋዩ ብሎ ጠየቀኝ። ጋሼ ወልዴ ቀደመኝ፤ «ደህና ነው፣ ደክሟት ነው» አለው። እኔ አጎነበስኩ፤ ጉርሻዬን ማኘክ ቀጠልኩ። የእማዬ ቤት ታየኝ፤ ደጁ ላይ የምትቀመጥበት ድንጋይ፣ ጌሾዋ፣ ከአጥር ማዶ በየቀኑ የምታወራት ጎረቤቷ። ቤቱን ለማትረፍ የሚያስፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነበር። እንዲያውም ቃልም አያስፈልገኝም፤ ዝም ማለት ይበቃል። ይኼን ማሰቤ ራሱ ከወንድሜ ሥራ እኩል አናደደኝ።

አርብ

ነስሩ ጁምዓ እንዳያመልጠው ባቱ ላይ መስጊድ ዳር ቆምን። ነስሩ ሲገባ ጋሼ ወልዴና እኔ መኪና ውስጥ ቀረን። ሙቀቱ ያፍናል። ዛሬ የነስሩን ሱቅ ማን ይጠብቃል ብዬ ጠየቅኩት፤ ልጁ አለ አለኝ። ከዚያ ለመነኝ። ወንድሜ ለምኖኝ አያውቅም ነበር። ላፍቶ ስንገባ ገዢው እንደሚጠብቀው፣ ነስሩ ዛሬ ቃል ከሰጠው ቤቱ እንደሚተርፍ፣ በኋላ ለነስሩ ቀስ ብሎ እንደሚያስረዳው ነገረኝ። ነስሩም ልጆች አሉት አልኩት። የእኛ እናት አንድ ናት አለኝ።

ነስሩ ጫማውን እያጠለቀ ወጣ። ከደጁ ፓፓያ ገዝቷል፤ አንዱን ለእማዬ አድርሺልኝ ብሎ አስታቀፈኝ። ከመኪናው ወረድኩ። ድንጋዩን ከኪሴ አውጥቼ እጁ ላይ አደረግኩ፤ አገላብጦ አየው። ላዩ ይሸጣል፣ ውስጡ አይሸጥም፣ ጋራው በሙሉ ውስጡ ነው አልኩት። ከዚህ ይበልጥ አላብራራሁም።

ነስሩ ድንጋዩን ጨብጦ ወደ መኪናው ዞረ።

«ወልዴ ያውቃል?»

ጋሼ ወልዴ መሪውን እንደያዘ በተከፈተው መስኮት ይሰማናል። አያውቅም ብል ጓደኝነታቸውን አተርፍ ነበር።

«ከረቡዕ ጀምሮ ያውቃል» አልኩት።

ሌላ መኪና ሊይዝ ይችል ነበር፤ አልያዘም። ሦስታችንም በዚያችው መኪና፣ ማሩንና ፓፓያውን ይዘን፣ ከባቱ እስከ አዲስ አበባ መጣን። ስለ መንገዱ ለምታነቡኝ ሰዎች የምነግራችሁ የለኝም፤ ምንም አላየሁም። መካኒሳ ሲደርስ ነስሩ ወረደና ሻንጣውን አነሳ። ከቁልፎቹ መሃል የጋሼ ወልዴን ሱቅ ቁልፍ አውጥቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። «በሰላም ግቡ» አለ፤ ለሁለታችንም ይሁን ለእኔ ብቻ አላወቅኩም። ጋሼ ወልዴ እኔን ጀሞ ሳያደርሰኝ ነፋስ ስልክ ላይ አወረደኝ። ሚኒባስ ተጋፍቼ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ

ቤቱ ሄደ፤ ከሽያጩ የተረፈውም ሌላ ቤት አይገዛም። እማዬ ከእኔ ጋር ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሊፍት የለም፣ ጉልበቷ ደግሞ አይችልም፤ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ሁለት ሰው ደግፎ ሲያወርዳት ነው። ዕቃዋን ስናወጣ ነስሩ ሁለት ልጆቹን ይዞ መጥቶ አልጋውንና ቁም ሳጥኑን አሸከመ። ጋሼ ወልዴ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያይ ነበር። ሰላም አልተባባሉም። እኔንም አላናገረኝም፤ እስከ ዛሬም አያናግረኝም። ደላላው ስልኩን ዘግቷል፤ የእስካቫተሩ ባለቤት የተከፈለ ኪራይ አይመለስም ብሏል።

በወንድሜ እናደዳለሁ። ሻጭና ገዢ መሆኑን ስላምታታ ሳይሆን፣ ካወቀ በኋላ ስለለመነኝ። በደላላው እናደዳለሁ። አልሸሽግም፣ በነስሩም እናደዳለሁ፤ ምነው ሌላ ሰው ቢያምን ኖሮ።

እማዬ ምን እንደሆነ ማንም አልነገራትም ብዬ አስብ ነበር። ባለፈው እሁድ መስኮቱ ጋር ተቀምጣ ከታች ያለውን የመኪና ግርግር ስታይ ቆየችና ሁሉንም ከነስሩ ሚስት እንደሰማች ነገረችኝ። የምትመርቀኝ መስሎኝ ነበር። ወይም የምትረግመኝ።

«አንቺም አልዋሸሽም» አለችኝ፤ «እኔም ቤት የለኝም።»